የአምስተኛው ባለቤት ልጅ

ትምህርት ቤት የገባሁት ለአራት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በራሴ ነው። እንግሊዝኛ የተማርሁት ሚኒያፖሊስ ውስጥ የአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ሳጸዳ፣ በየማሽኑ ላይ የተለጠፈውን የአጠቃቀም ወረቀት መዝገበ ቃላት ይዤ እያነበብሁ ነው። ቧንቧ መቀጠል፣ ኤሌክትሪክ መዘርጋት፣ የቢራ መስመር ማጠብ ማንም አላስተማረኝም። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ ይበለኝ፤ እውነት ነው። ስለዚህ ስድሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ሴንት ፖል ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ መጠጥ ቤት ስገዛ፣ የገረመው ሌላውን ሰው እንጂ እኔን አልነበረም።

ቤቱ ማዕዘን ላይ የቆመ፣ በቀይ ጡብ የተሠራ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነበር። መጀመሪያ ያሠራው እንግሊዛዊ ተወልዶ ባደገበት መንደር የነበረውን ፐብ አስመስሎ ነው ያሠራው ይባላል። ፐብ ማለት እኛ ግሮሰሪ ከምንለው ብዙ የራቀ አይደለም። ጎረቤት ከሥራ ሲመለስ ጎራ ይላል፣ አንድ ሁለት ይላል፣ የሰፈሩን ወሬ ሰምቶ ይሄዳል። ባለቤቱ ታች ይቀዳል፣ ፎቁ ላይ ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል። እኔና ሚስቴም እንደዚያው ኖርን። ቢራውን እንዳለ ትተን የሚስቴን ምግብ ጨመርንበት። ከደንበኞቻችን ግማሾቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ ሰፈር የኖሩ ነጮች ነበሩ፣ ግማሾቹ ደግሞ ሺፍት ጨርሰው የሚመጡ ታክሲ ነጂዎቻችንና ነርሶቻችን። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ባሉት በእነዚያ ጥቂት ዓመታት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንበር አይገኝም ነበር።

ቤቱን የሸጠልኝ ሰው የባቡር ሥራ ጡረተኛ ነበር። ቁልፉን ሲያስረክበኝ «እኔ ሰባተኛው ነኝ፣ አንተ ስምንተኛው ትሆናለህ» አለኝ። «ሌሎቹስ ስድስቱ እነማን ናቸው?» ብዬ ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። ይኼ እንቅልፍ ነሳኝ። ሰኞ ሰኞ ቤቱ ዝግ ነው፤ ሰኞ ሰኞ የከተማው ቤተ መጻሕፍት መሄድ ጀመርሁ። የድሮ ጋዜጣ በማሽን ማንበብ፣ የድሮ የአድራሻ መዝገብ መፈተሽ ተማርሁ። ከአንድ ዓመት በኋላ እዚያ የሚሠሩት ልጆች እንኳ ሲቸግራቸው እኔን ይጠይቁኝ ነበር።

ያገኘሁትን ሁሉ በአማርኛ ጻፍሁ። መጀመሪያ እንግሊዛዊው፤ ሚስቱ ሳትቀር ጎንበስ ብላ የምታልፍበትን ጣሪያ ያሠራው እሱ ነው። እሱ ሲሞት ሚስቱ ቤቱን ያዘች። ሦስተኛው ጀርመን ነው፤ መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን ፊት ለፊት አይስክሬም እየሸጠ ከኋላ ሌላ ነገር ይሸጥ የነበረ። ከአራተኛው ጋር ጠጪዎቹ ተመለሱ። አምስተኛው ከሁሉም ረጅም ጊዜ የቆየው ነው። ስድስተኛዎቹ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ተኳርፈው አንዱ በባንኮኒው በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ሲቀዱ አሥር ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ። ሰባተኛው የባቡሩ ሰው። ስምንተኛው እኔ።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ እሳት አለ። በየካቲት ወር፣ በብርድ፣ ከወጥ ቤቱ ተነሥቶ ደረጃውንና የፎቁን ግማሽ በላው። ፎቅ ላይ ታድር የነበረች ምግብ አብሳይ መውጫ አጥታ ሞተች። ባለቤቱ በጓሮ በኩል ሰው ሾልኮ እንዳይገባ የኋላውን በር ከውጭ ቆልፎት ነበር። ጋዜጣው ይህን ጽፏል፤ የባለቤቱን ስም ግን አልጻፈም፤ በዓመቱ ቆጥሬ አምስተኛው ነው አልሁ።

የቤቱን ታሪክ በትልቅ የኦክ ሰሌዳ ላይ በእጄ ቀርጬ ባንኮኒው አጠገብ ሰቀልሁት። ስምንት ባለቤቶች ከነዓመታቸው፣ እሳቱም ከነዓመቱ። ምድር ቤት ያገኘሁትን የዛገ ጓጉንቸር ደግሞ ከሥሩ አንጠለጠልሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጓጉንቸሩን አንሥቼ ለቤቱ ሰው ታሪኩን እናገር ነበር። የዚያ በር ጓጉንቸር ይሁን የሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም። ግን በእጄ ስይዘው ሰው ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። እኔ ስናገር ሰው ጸጥ ሲል ደግሞ ደስ ይለኛል።

አንዲት ወይዘሮ የሐሙስ ደንበኛችን ነበሩ። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የደከመ ነጭ ሴት ናቸው። መስኮቱ ጥግ ይቀመጣሉ፤ አንድ ትንሽ ጥቁር ቢራ፣ ሁለት የምስር ሳምቡሳ። ሚስቴ እማማ ትላቸዋለች፤ ትርጉሙን ስለ ነገረቻቸው ወደውት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ቢራ ቀዳሁላቸው። ስለ ብርዱ አወራን፣ ስለ ጉልበታችን አወራን። የቤቱን ስምንት ባለቤቶች በቃሌ የማውቀው ሰውዬ፣ እርስዎ የማን ልጅ ነዎት፣ ይህን ቤት ከመቼ ጀምሮ ያውቁታል ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም።

አንድ የጥር ሐሙስ ቀን ከባድ በረዶ ጣለ፤ እሳቸውም በሐሙስ ፈንታ ቅዳሜ መጡ። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጓጉንቸሩን ከሚስማሩ ሳነሣ፣ አንድ ታክሲ ነጂ ደንበኛችን ከወዲያ ጮኸ፤

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ስንት ሰው ልታቃጥል ነው?»

«አንተን ጨምሮ ሁለት» አልሁት። የገባቸው ሳቁ።

በእንግሊዝኛ ጀመርሁ። እንግሊዛዊውን፣ መበለቲቱን፣ ጀርመኑን አሳለፍሁ። እሳቱ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። አምስተኛው ባለቤት ከዕቃው በቀር ለማንም የማይራራ ሰው ነበር፣ በዚያ ምሽት ይህን ጓጉንቸር በእጁ ገጠመው፣ አልሁ። ስለ ርኅራኄው የሚናገር አንድም ወረቀት አላየሁም። ከራሴ የጨመርሁት ነው።

ወይዘሮዋ ከመስኮቱ ጥግ እጃቸውን አነሡ፤ እንደ ተማሪ።

«ይህ ልክ አይደለም» አሉ።

«የቱ ነው ልክ ያልሆነው፣ እመቤቴ?»

«በሩን የቆለፈው አምስተኛው ሰው አይደለም።»

«በምን አወቁ?»

«አምስተኛው አባቴ ነው።»

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ጓጉንቸሩን ወደ ቦታው መልሼ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ እስኪ ይንገሩኝ ማለት እችል ነበር። ይህን ሁሉ ያሰብሁት ግን ዘግይቼ ነው። በዚያች ደቂቃ የታየኝ ሰባ ሰው ፊት መታረሜ ብቻ ነበር።

«ለአባቷ የማትመሰክር ሴት ልጅ ከየት ትገኛለች?» አልሁ። ሰው ሳቀ።

«ወደዚህ ቤት ስንገባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ደረጃው አዲስ ነበር። የእንጨቱ ሽታ ትዝ ይለኛል። አባቴ የተቃጠለ ቤት ገዝቶ ነው የጠገነው።»

«የሦስት ዓመት ሕፃን ያሸተተችውና ጋዜጣ የጻፈው አንድ ላይ ቀርቧል» አልሁና ወደ ሕዝቡ ዞርሁ፤ «እናንተ ፍረዱ።»

ከበፊቱ የበለጠ ሳቁ። እሳቸው ካፖርታቸውን ለመልበስ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ አንዱ እጅጌ አልገባ ብሏቸው ነበር። ሚስቴ ሮጣ ረዳቻቸው። ሲወጡ ወደ እኔ አልዞሩም። እኔም ወንድማማቾቹ ላይ ነበርሁ፤ አላቋረጥሁም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሚስቴ መኪና ውስጥ ተናገረች።

«ሴትዮዋን በሰው ፊት አዋረድካቸው።»

«እኔ ምን አደረግሁ? ጋዜጣው ነው የሚናገረው።»

«ጋዜጣው ነው እንዴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓጉንቸር ይዞ የሚጨፍረው?»

ሬዲዮውን ከፈትሁ። በሚቀጥለው ሐሙስ የመስኮቱ ጥግ ባዶ ሆነ። ከዚያም በሚቀጥለው።

በመጋቢት፣ ልጃችን፣ ኤደን ፕሬሪ በሚባለው ከተማ ካለው ቢሮዋ ዕረፍት ወስዳ መጣች። የቤቱን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ አሳትመን ለደንበኞች እንስጥ ብዬ ለምኛት ነበር። እኔ ማስታወሻዬን በእንግሊዝኛ እያነበብሁላት እሷ በኮምፒውተር ትጽፋለች። አማርኛ ማንበብ ባትችልም ቁጥር ታያለች። ድንገት ጣቷን ደብተሩ ላይ አሳረፈች።

«ዳድ፣ እዚህ ዓመቱ ጎን ያለችው ትንሽ ጽሑፍ ምንድን ናት?»

«ዓመተ ምሕረት ማለት ነው። የኛ አቆጣጠር።»

«ሁሉም ላይ አለች። ፋየሩ፣ እሳቱ ላይ የለችም። ለምን?»

ይህን መግለጽ አለብኝ። ፈረንጅ ዓመት ሲነግረኝ ጭንቅላቴ ውስጥ አይቀመጥም። ወዲያው ወደ እኛ እለውጠዋለሁ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት እቀንሳለሁ። ወረቀትም ሆነ ማሽን አያስፈልገኝም፤ በዚህም እኮራለሁ። በደብተሬ ያለው ሁሉ እንዲህ የተለወጠ ነው። ሰሌዳውን ስቀርጽ ደግሞ ለፈረንጆቹ እንዲገባቸው መልሼ ሰባትና ስምንት እየጨመርሁ ቀረጽሁ። የእሳቱን ዜና ያገኘሁ ዕለት ግን ቤተ መጻሕፍቱ ሊዘጋ ደቂቃዎች ቀርተውት ነበር። ቁጥሩን እንዳለ ገልብጬ ወጣሁ።

ለልጄ «ረስቼው ነው» ብዬ ደብተሩን ዘጋሁ። ሰኞ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ጋዜጣውን እንደገና አወጣሁ። ቁጥሩ ቀድሞውኑ የፈረንጅ ነበር። እኔ ስምንት ዓመት ጨምሬበታለሁ። እሳቱ የተነሣው በአራተኛው ሰው ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቤቱ ከነቃጠሎው ለአምስተኛው ተሸጠ። ወይዘሮዋ እንዳሉት፣ አንድም ሳይጎድል።

ማሽኑ ፊት ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ። ከዚያ ወጥቼ ምን እንዳደረግሁ ስጽፈው ዛሬም ያሳፍረኛል። ሰሌዳውን አወረድሁና ለጠየቀኝ ሁሉ «ቫርኒሽ ልቀባው ነው» አልሁ። ጓጉንቸሩን መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ የወንድማማቾቹን ኩርፊያ ብቻ መናገር ጀመርሁ። ወይዘሮዋን ፈልጌ ላገኛቸው እችል ነበር፤ መቶ ዓመት የሞላቸውን ሙታን ከመዝገብ ያወጣሁ ሰው በሕይወት ያለች አንዲት ሴት ማግኘት አያቅተኝም። ለሚስቴም አልነገርኋትም። እነግራታለሁ እያልሁ ሚያዝያ አለፈ፣ ሰኔ አለፈ። መሳሳቴ አልነበረም ያስቸገረኝ። ያስቸገረኝ ያን ቀን ሰው ያሳቅሁበት አንደበት ነው፤ በእሱው አንደበት «ተሳሳትሁ» ማለት አልሆንልህ አለኝ።

በነሐሴ ጉልበቴ ደረጃውን እንቢ አለ። ቦታውን ለአፓርትመንት የፈለገ ሰው መጣና ተስማማን፤ በጥቅምት መጨረሻ ልናስረክብ። የጥቅምት አጋማሽ ካለፈ በኋላ ከነርስ ደንበኞቻችን አንዷ ሚስቴን አገኘቻት።

«እትዬ፣ እማማ የምትያቸው ሴትዮ እኮ ኒው ሆፕ ከተማ፣ እኔ የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ናቸው። ልባቸው በጣም ደክሟል። ስላንቺ ምግብ ሁልጊዜ ያወራሉ።»

ሚስቴ በማግስቱ ሳምቡሳ ጠብሳ «ተነሥ፣ ድራይቭ አድርግ» አለችኝ። አውራ ጎዳናው ላይ ወጣን። መናገር ያለብኝ እዚያው መኪና ውስጥ እንደሆነ ገባኝ።

«እሳቱ በአባታቸው ጊዜ አልነበረም። ስምንት ዓመት ተሳስቻለሁ።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለች።

«መጋቢት።»

«አሁን እኮ ጥቅምት ነው።»

የሳምቡሳውን ዕቃ ጭኗ ላይ ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ወይዘሮዋ መስኮት አጠገብ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ሚስቴን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ እኔን ሲያዩ አልበራም። ቆሜ ማስረዳት ጀመርሁ። አቆጣጠራችን ከእነሱ እንዴት እንደሚለይ፣ ስንት እንደሚጨመር፣ ስንት እንደሚቀነስ፣ ለምን የካቲት ላይ ስምንት እንደሚሆን። ጥሩ አድርጌ አስረዳሁ። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ስለዚህ ጥፋቱ የአቆጣጠሩ ነው?» አሉ።

ሚስቴ ወለሉን አየች።

«አይደለም፣ የእኔ ነው» አልሁ።

«ስንት ቅዳሜ ተናገርኸው?»

አላውቅም ነበር። ቁጥር ጠፍቶኝ አያውቅም፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ስለ አባታቸው ነገሩኝ። አባታቸው ቤቱን መልሰው በሠሩበት ዓመት የኋላውን በር ሰፊ አድርገው አሠሩት፤ መቀርቀሪያም ጓጉንቸርም አላስገቡበትም። በጥር ብርድ እንኳ ቤቱ ሰው ካለበት በሩን በጡብ ደግፈው ገርበብ ያደርጉት ነበር። እናታቸው «ልጆቹን በብርድ ልትፈጅ ነው» እያሉ ይጮኹ ነበር፤ አባታቸው ጡቡን አያነሡም። «አባቴ የማያውቋት ሴት ነበረች እዚያ የሞተችው፤ ስሟን እንኳ አያውቁም ነበር» አሉኝ። «በሩን ቆለፈ ያልኸው ያን ሰው ነው።»

ያን በር አውቀዋለሁ። ቤቱን በገዛሁ በመጀመሪያው ወር መቀርቀሪያ የገጠምሁበት እኔ ነኝ። እንጨቱ ላይ አንድም የድሮ ብሎን ቀዳዳ አልነበረም፤ የቆየ እንጨት እንዲህ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ገርሞኝ ለሚስቴ አሳይቻት ነበር። የአባታቸው ምስክር በእጄ ነክቼው ያለፍሁት ነገር ነው። ጋዜጣ ለማንበብ ሦስት ዓመት ስመላለስ፣ በየቀኑ ቆሻሻ የማወጣበትን በር አላነበብሁትም።

«ሰሌዳውን አስተካክዬ አመጣልዎታለሁ» አልሁ።

«ሰሌዳ ምን ያደርግልኛል? ዓይኔ አያይም። በዚያው ቤት፣ በሰው ፊት ተናገረው። ቦታዬ ላይ ተቀምጬ ልስማው።»

የቀረን አንድ ቅዳሜ ነበር። ነርሷ በመኪናዋ አመጣቻቸው። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ግን ለስንብት የመጣ ሕዝብ ነው። በጥር ከሳቁት ውስጥ የማውቀው ታክሲ ነጂውን ብቻ ነበር። የሌሎቹን ስም አላውቅ፣ አድራሻ አላውቅ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በባዶ እጄ ተነሣሁ።

አጀማመሬ አላማረም። «አገራችን ከዓለም የተለየ የዘመን አቆጣጠር እንዳላት ታውቃላችሁ» ብዬ ጀመርሁ። አንዳንዱ ፈገግ አለ፤ ደስ የሚል ታሪክ የሚከተል መስሎት። ሚስቴ ከባንኮኒው ኋላ ሆና አየችኝ። አቆምሁ።

«ስለ አምስተኛው ባለቤት የተናገርሁት ውሸት ነው» አልሁ። «በሩን የቆለፈው እሱ አይደለም። እሱ የተቃጠለውን ቤት የሠራው ነው። ከነገርኋችሁ ግማሹን እኔ ነኝ የፈጠርሁት። ሴት ልጁ እዚህ ተቀምጠው ነግረውኝ ነበር፤ ሳቅሁባቸው።»

ወይዘሮዋ ከጥጋቸው እጃቸውን አነሡ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አሉ።

እውነት ነው፤ ድምፄ አልወጣም ነበር። ሰባ ሰው ያለበትን ቤት ያለ ማይክ የማዳርሰው ሰውዬ በሹክሹክታ ነበር የተናገርሁት። እንደገና ተናገርሁት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እስከ ጓሮው በር እንዲሰማ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላጨበጨበም። አንዱን ሳል ሳል አደረገው፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ብርጭቆው ተመለሰ። ወይዘሮዋ ይቅር ብያለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ቢራቸውን እስከ ግማሽ ጠጡ፣ የሚስቴን እጅ ይዘው ቆዩ፣ ነርሷ ወንበራቸውን ገፋች። የዚያ ዓመት በረዶ ሳይቀልጥ እንዳረፉ ሰማን።

ቤቱ በዚያው ዓመት ፈረሰ።

አሁን ሥራ ስለሌለኝ በባቡሩ ከሴንት ፖል ሚኒያፖሊስ እመላለሳለሁ፤ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ወፍራም ነጭ ሰው ከፊቴ ተቀምጦ ትኩር ብሎ አየኝና ፊቱ በሳቅ ተሞላ።

«አንተ የመጠጥ ቤቱ ሰውዬ! ያን ታሪክ ለስንት ሰው ነገርሁት መሰለህ። ምግብ አብሳይዋን ቆልፎባት ያቃጠላት አምስተኛው ባለቤት! የገና ዕለት እንኳ ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ተሳስቼ ነው የነገርሁህ» አልሁት። «እሱ አልነበረም።»

«ቢሆንም እኮ ታሪኩ ያምራል!» አለና ጉልበቴን መታ መታ አድርጎኝ ተነሣ። ባቡሩ ቆሞ በሩ ተከፈተ። የእኔ መውረጃ ገና አራት ፌርማታ ይቀረው ነበር። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ዱላዬን ይዤ ተከትዬው ወረድሁ፤ መንገዱን ሊሻገር ሲል ደረስሁበትና እጅጌውን ያዝሁት።

«ቁም» አልሁት። «ለልጆችህ ምን ብለህ እንደምትነግራቸው ልንገርህ።»